ፓውሊንዮ፦ ቶተንሃም የሸኘው፣ ባርሳ 40 ሚሊዮን ዩሮ የከፈለበት አማካይ ጉዳይ

ኦገስት 2017 ላይ ባርሴሎና ፓውሊንዮን ሲያስፈርም የነበረውን ጫጫታ የምታስታውሱት ታስታውሱታላችሁ። ኔይማር በ222 ሚሊዮን ዩሮ ፓሪስ ከሄደ ገና ሁለት ሳምንት አልሞላውም፣ ደጋፊው የፓሪሱ አማካይ ቬራቲ ይመጣል ብሎ እየጠበቀ ነው፣ ክለቡ ግን 40 ሚሊዮን ዩሮ አውጥቶ ከቻይና ሊግ የ29 አመት አማካይ ይዞ ከች አለ፣ ያውም ቶተንሃም ከሁለት አመት በፊት በ14 ሚሊዮን ዩሮ የሸኘውን ሰውዬ። ሲያስተዋውቁት ደግሞ ካምፕ ኑ ሜዳ ላይ ኳስ ማንጠር አቃተውና ቪዲዮው አለምን ዞረ፣ ሰው ሁሉ "በቃ ባርሳ አበቃለት" አለ።

ከዛስ? አንድ አመት ሳይሞላ ያው ሰውዬ የላሊጋና የኮፓ ዴል ሬይ ዋንጫ አንስቶ፣ በሊጉ 9 ጎል አግብቶ፣ ከሜሲና ከሱዋሬዝ ቀጥሎ የክለቡ ሶስተኛ ጎል አግቢ ሆኖ ጨረሰ። ደጋፊው ገና ሲለምደው ደግሞ ተመልሶ ቻይና ሄደ።

ብዙ ሰው ይሄን ታሪክ "ለገንዘብ ነው" ብሎ በሁለት ቃል ይዘጋዋል። ገንዘብ የለበትም አልልም፣ በደንብ አለበት፣ ግን እንደዛ ብሎ መዝጋት ልጁንም ኳሱንም አለማወቅ ነው። እያንዳንዱን ዝውውር ለብቻው አይታችሁ ስትመረምሩት ሁለት ነገር ተደጋግሞ ይመጣል፣ አንዱ ሜዳ ላይ ከኋላው ማን እንደቆመለት ነው፣ ሌላው ደግሞ በዛን ሰአት የየአገሩ የዝውውር ህግ ምን ይል እንደነበር ነው። እሱን ነው ላብራራ የፈለግኩት።

በነገራችን ላይ ብራዚል ውስጥ ፓውሊንዮ የሚባል ተጫዋች መአት ስለሆነ እንዳይምታታባችሁ፣ የማወራው ስለ ጆዜ ፓውሎ ቤዜራ ማሲዬል ጁኒየር ነው፣ ጁላይ 25 ቀን 1988 ሳኦ ፓውሎ የተወለደው።

እሺ፣ መጀመሪያ ሜዳ ላይ ምን እንደሚሰራ እንይ፣ ምክንያቱም እሱ ካልገባን ቀሪው አይገባንም። አማካይ ሲባል ብዙዎቻችን ቶሎ የሚመጣልን እንደ ዣቪ፣ እንደ ሞድሪች አይነቱ ነው፣ ኳስ ይዞ ጨዋታውን የሚያዘው። ፓውሊንዮ እንደዛ አይደለም። ተከላካዮች ኳስ ሲጀምሩ ወርዶ ተቀብሎ፣ ሰው ጀርባው ላይ ተጭኖት እያለ ዞሮ መውጣት የእሱ ጠንካራ ጎን ሆኖ አያውቅም፣ ይሄን የሚወዱት ደጋፊዎችም አይክዱም። የእሱ ስራ ሌላ ነው። ኳሱ መስመር ላይ ነው፣ የተቃራኒ ተከላካዮች አይናቸው አጥቂዎቹ ላይ ነው፣ በዛች ሰከንድ ከመሀል ሜዳ ተነስቶ ሳጥኑ ውስጥ ሲደርስ የሚያየው የለም። ማን ይያዘው? አጥቂ ስላልሆነ ተከላካዩ የኔ ነው አይልም፣ አማካዩ ደግሞ ሩጫው ያመልጠዋል። በዛ ላይ በቴስታ ጎበዝ ነው፣ ጉልበት አለው፣ 90 ደቂቃ ሙሉ ያንኑ ሩጫ ደጋግሞ ቢሮጥ አይደክመውም።

ችግሩ ግን እሱ ሲሮጥ የተወው ቦታ ባዶ ነው የሚሆነው። ቤት የሚጠብቅ ሰው ሲኖር ነው ሌላው ገበያ መሄድ የሚችለው። ስለዚህ ፓውሊንዮ ጥሩ የሆነባቸውን ቡድኖች ብትቆጥሩ ከኋላው ሁሌም አንድ የማይንቀሳቀስ ሰው አለ፣ የብራዚሉ ክለብ ኮሪንቲያንስ እያለ ራልፍ፣ በ2013ቱ ብሔራዊ ቡድን ሉዊዝ ጉስታቮ፣ በአሰልጣኝ ቲቴ ብሔራዊ ቡድን ካሴሚሮ፣ ባርሳ ሲሄድ ቡስኬትስ። ያ ሰው ሲጠፋ ወይም ስራው ሲቀየርበት ፓውሊንዮም አብሮ ይጠፋል። ይሄን ያዙልኝ።

አሁን ወደ መጀመሪያው። አብዛኛው ብራዚላዊ ኮከብ በአገሩ ሊግ ስሙን ካስጠራ በኋላ ነው አውሮፓ የሚሄደው። ፓውሊንዮ ግን በ2006፣ ገና ልጅ እያለ፣ ብራዚል ውስጥ እንኳን ማንም ሳያውቀው፣ ፓኦ ዴ አሱካር የሚባል የሱፐርማርኬት ድርጅት ካቋቋመው ክለብ (በኋላ አውዳክስ የተባለው) ተነስቶ ሊትዌኒያ ገባ፣ ኤፍሲ ቪልኒየስ። እንዲህ አይነት ዝውውር ያኔም አሁንም ብዙ ነው፣ የሚወራለት ስለሌለ ነው እንጂ። በየአመቱ በመቶዎች የሚቆጠሩ ብራዚላውያን ወጣቶች ወደ ትናንሽ የአውሮፓና የኤዥያ ሊጎች ይሄዳሉ፣ ደሞዙ ትንሽ ነው፣ ብርዱ ከባድ ነው፣ ቋንቋው አይገባም፣ አብዛኞቹ ስማቸው ሳይሰማ ነው የሚመለሱት።

ቪልኒየስ ላይ የገጠመውን ራሱ በኋላ ተናግሮታል። መንገድ ላይ ሲሄዱ ሰዎች ሆን ብለው ይጋጯቸው ነበር፣ የዝንጀሮ ድምፅ ያሰሙባቸው ነበር፣ እሱንና እንደሱ ጥቁር የሆነ የቡድን ጓደኛውን ማለት ነው። ከዛ ፖላንድ፣ ኤልኬኤስ ዉች፣ አንድ ሲዝን። በ2008 አገሩ ሲመለስ ኳስ ለማቆም ወስኖ ነበር። የያኔ ባለቤቱ ናት ሀሳቡን ያስቀየረችው፣ ከኳስ ውጪ ምን ታውቃለህ፣ አምፖል እንኳን መቀየር አትችልም ብላ። ቤተሰቡም አልተወውም፣ ስለዚህ የተነሳበት ክለብ ተመልሶ በሳኦ ፓውሎ ግዛት ታችኛው ዲቪዚዮን እንደገና ከዜሮ ጀመረ። አውሮፓ ደርሶ የመጣ ሰው ሰፈሩ ሜዳ ላይ እንደገና ለመጀመር ምን ያህል አንገት እንደሚያስደፋ የሚያውቅ ያውቀዋል። እኔ ይሄን ልጅ እንዳከብረው ያደረገኝ ከባርሳው ጎል ይልቅ ይሄኛው ነው።

እዚህ ጋ የብራዚልን አሰራር ትንሽ ማወቅ ይጠቅማል። ብራዚል ከብሔራዊው ሊግ በተጨማሪ በየግዛቱ የራሱ ሻምፒዮና አለው፣ የሳኦ ፓውሎው ከሁሉም ጠንካራው ነው፣ አመቱ ሲጀምር ትልቆቹ ክለቦችና ትናንሾቹ አብረው ይጫወታሉ። ለትንሽ ክለብ ተጫዋች ይሄ መታያ መስኮት ነው። ፓውሊንዮም በ2009 ብራጋንቲኖ ገባ፣ በሁለተኛ ዲቪዚዮን ጥሩ ተጫወተ፣ 2010 ላይ ኮሪንቲያንስ ወሰደው። በዛው አመት መጨረሻ ደግሞ ቲቴ አሰልጣኝ ሆኖ መጣ። ሁለቱ ሲገናኙ ነው ሁሉም ነገር የተቀየረው፣ ምክንያቱም ቲቴ የመጀመሪያው "አንተ ሩጥ፣ ራልፍ ይቆማል" ያለው አሰልጣኝ ነው ማለት ይቻላል። 2011 የብራዚል ሊግ ዋንጫ መጣ።

ከዛ 2012፣ ኮፓ ሊበርታዶሬስ (የደቡብ አሜሪካ ክለቦች ትልቁ ዋንጫ)፣ ሩብ ፍፃሜ፣ ኮሪንቲያንስ ከቫስኮ ዳ ጋማ። ኮሪንቲያንስ ይሄን ዋንጫ በታሪኩ በልቶት አያውቅም፣ የሳኦ ፓውሎ ተቀናቃኞቹ ሁሉ በልተውታል፣ በዚህ ይሰደባል። መጀመሪያው ጨዋታ ሪዮ ላይ 0 ለ 0 ነው። መልሱ ፓካኤምቡ ስታዲየም፣ እዛም 0 ለ 0፣ ሁለተኛው አጋማሽ ላይ የቫስኮው ዲዬጎ ሱዛ ከመሀል ሜዳ ብቻውን ኳስ ይዞ ሄዶ በረኛው ካሲዮ በጣቱ ጫፍ አወጣበት፣ ስታዲየሙ ትንፋሹ ቆመ። 87ኛው ደቂቃ ላይ ኮርና፣ አሌክስ መታው፣ ፓውሊንዮ ከሁሉም በላይ ተነሳና በቴስታ አስገባው። ጎሉን ካገባ በኋላ ያደረገው ነው ከጎሉ በላይ የታወሰው፣ ሮጦ አጥሩ ላይ ወጣና አንድ ደጋፊ አቀፈ፣ አጥሩ ላይ እንዳለ ተቃቅፈው ይጮሃሉ። ያ ፎቶ እስከዛሬ ኮሪንቲያንሶች ጋ እንደ ቅርስ ነው። ጁላይ 4 ቀን ቦካ ጁኒየርስን አሸንፈው ዋንጫውን አነሱ፣ በውድድሩ አንድም ሳይሸነፉ። ዲሴምበር ላይ ደግሞ ጃፓን ዮኮሃማ ላይ ቼልሲን 1 ለ 0 ረትተው የአለም ክለቦች ዋንጫ።

በዚህ መሀል ኢንተር ሚላን ፈልጎት ነበር፣ አልሄደም። ለምን እንዲህ ያለ ተጫዋች ቶሎ አይሸጥም ብሎ ለሚጠይቅ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ያኔ ብራዚል ውስጥ ተጫዋቹ የሚጫወትበት ክለብና የተጫዋቹ "የገንዘብ መብት" ባለቤት ሁሌ አንድ አይደሉም። አንድ ክለብ 50 ከመቶ ይይዛል፣ የቀድሞው ክለብ የተወሰነ፣ አንዳንዴም ኤጀንት ወይም ኢንቬስተር የተወሰነ ይይዛል፣ ተጫዋቹ ሲሸጥ እንደ አክሲዮን ይከፋፈሉታል። በፓውሊንዮ ኮሪንቲያንስ የነበረው ድርሻ ግማሽ ነው ተብሎ ነው የተዘገበው፣ ሌላው በዋናነት የአውዳክስ። ስለዚህ 20 ሚሊዮን ዩሮ ተብሎ ሲወራ ክለቡ ካዝና የሚገባው ከዛ ግማሹ ነው፣ ለዛ ብር ኮከብህን በውድድር መሀል ለመስጠት ታመነታለህ። ፊፋ የሶስተኛ ወገን ባለቤትነቱን ከሜይ 1 ቀን 2015 ጀምሮ ከልክሎታል፣ የእሱ ዝውውር ግን ከዛ በፊት ነው።

2013 ላይ ብራዚል ኮንፌዴሬሽን ካፕ አዘጋጀች። ስኮላሪ አሰልጣኝ፣ ሉዊዝ ጉስታቮ ከኋላ ቆሞ ፓውሊንዮ ወደፊት። ጃፓን ላይ አገባ፣ ግማሽ ፍፃሜው ቤሎ ሆሪዞንቴ ላይ ከኡራጓይ ጋር 1 ለ 1 እያሉ 86ኛው ደቂቃ ላይ የኔይማርን ኮርና በቴስታ አገባና አለፉ። ፍፃሜው ስፔንን 3 ለ 0። የውድድሩ ምርጥ ተጫዋች ኔይማር፣ ሁለተኛ ኢኒዬስታ፣ ሶስተኛ ፓውሊንዮ ተብሎ የነሀስ ኳስ ተሸለመ። ይሄ ሁሉ ሲሆን ቶተንሃም ለመግዛት ተስማምቶ ነበር፣ በ17 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ፣ በዛን ሰአት ለክለቡ ሪከርድ ነው።

ቶተንሃም ላይ የሆነው ነገር በእሱ ብቻ የሚላከክ አይደለም። ጋሬዝ ቤል ማድሪድ ሊሄድ ነው፣ ክለቡ በዛ ብር ሰባት ሰው በአንድ ክረምት ገዛ፣ ፓውሊንዮ፣ ሶልዳዶ፣ ቻድሊ፣ ካፑዌ፣ ኪሪኬሽ፣ ላሜላ፣ ኤሪክሰን። ሰባት አዲስ ሰው በአንድ ጊዜ! አሰልጣኙ ቪያስ ቦአስ ነበር። አጀማመሩ ክፉ አልነበረም፣ ሴፕቴምበር ላይ ካርዲፍ ላይ በባከነው ሰአት በተረከዙ ያገባት ጎል አሸንፈው ወጡ። ዲሴምበር ላይ ግን ሊቨርፑል በሜዳቸው 5 ለ 0 ቀጠቀጣቸው፣ ፓውሊንዮ እግሩን አንስቶ ሱዋሬዝን መትቶ በቀይ ወጣ፣ በማግስቱ ቪያስ ቦአስ ተባረረ። ሸርዉድ መጣ፣ ከዛ በ2014 ፖቼቲኖ። በአንድ አመት ውስጥ ሶስት አሰልጣኝ፣ ሶስት የተለያየ አጨዋወት።

የፖቼቲኖ ቡድን ደግሞ ሁለት አማካይ ጎን ለጎን አድርጎ ነው የሚጫወተው፣ ሁለቱም ከተከላካዮች ኳስ ይቀበላሉ፣ ሁለቱም ተጋጣሚን ከላይ ይጫናሉ፣ ሁለቱም ይጠብቃሉ። ቅድም ያዙልኝ ያልኳችሁን አስታውሱ። እዚህ ቤት የሚጠብቅለት ሰው የለም፣ ራሱ ጠባቂ ነው። የማይችለውን እየሰራ የሚችለውን መስራት ተከለከለ። እንግሊዝ ውስጥ "ሰነፍ ነው፣ ጨዋታው ፈጠነበት" ተብሎ ተወራ፣ እኔ በዚህ አልስማማም፣ ከሩጫ ሰንፎ አያውቅም፣ የሚሮጥበት አቅጣጫ ነው የተቀየረው። ሁለተኛው ሲዝን ላይ አብዛኛውን ጊዜ ቤንች ላይ ነበር።

በመሀል የ2014 የአለም ዋንጫ አለ። ቋሚ ሆኖ ጀመረ፣ አቋሙ ወርዶ ስለነበር ከካሜሩን ጋር በተደረገው ሶስተኛ ጨዋታ እረፍት ላይ ፈርናንዲንዮ ቀየረው። ግማሽ ፍፃሜው ላይ፣ ከአመት በፊት ኡራጓይ ላይ ባገባበት ያው ሚኔይራኦ ስታዲየም፣ ጀርመን 5 ለ 0 እየመራች እረፍት ላይ ተቀይሮ ገባ። 7 ለ 1። የዛ ቀን ቡድን ውስጥ የነበረ ብራዚላዊ ሁሉ ስሙ አብሮ ተቀብሯል፣ በ26 አመቱ ብሔራዊ ቡድኑም ለሁለት አመት ረሳው።

2015 ላይ የቻይናው ጓንግዙ ኤቨርግራንዴ በ14 ሚሊዮን ዩሮ ሲወስደው አውሮፓ ያለው ሁሉ "አለቀለት" ነው ያለው። ግን ቻይና የጠራው ማነው? ስኮላሪ። በ2013 በትክክል እንዴት እንደሚያጫውተው ያሳየው ሰውዬ። ጓንግዙ በሪል እስቴት ድርጅት ብር የቆመ፣ በየአመቱ ሊጉን የሚበላ ክለብ ነበር፣ እዛ ፓውሊንዮ እንደገና ነፃ ሆኖ መሮጥ ጀመረ። በዛው አመት የኤዥያ ቻምፒየንስ ሊግ በሉ፣ በክለቦች አለም ዋንጫ ደግሞ የሜክሲኮውን ክለብ አሜሪካን በባከነው ሰአት በእሱ ቴስታ 2 ለ 1 አሸነፉ። ጎሎቹ ሁሉ አንድ አይነት ናቸው ብትሉ አላጋነናችሁም።

ጁን 2016 ላይ ቲቴ የብራዚል አሰልጣኝ ሆነ። ብራዚል በአለም ዋንጫ ማጣሪያው ስድስተኛ ነበረች፣ እዛው ብትቀር አታልፍም ነበር። ቲቴ መጀመሪያ ካደረጋቸው ነገሮች አንዱ ፓውሊንዮን ከቻይና መጥራት ነው፣ ህዝቡ ተንጫጫ፣ ከቻይና ሊግ ሰው ያመጣል ተብሎ። ማርች 23 ቀን 2017 ሞንቴቪዴዮ ላይ ኡራጓይ በካቫኒ ሪጎሬ ቀድማ መራች። ፓውሊንዮ ከሳጥኑ ውጪ መትቶ አቻ አደረገ፣ ከእረፍት በኋላ ፊርሚኖ የመታው ሲመለስ ተከትሎ አገባ፣ መጨረሻ ላይ የዳኒ አልቬስን ክሮስ በደረቱ ከመረብ አገናኘው። ሀትሪክ፣ 4 ለ 1፣ ሴንቴናሪዮ ላይ። ከአምስት ቀን በኋላ ፓራጓይን 3 ለ 0 አሸነፉና ብራዚል ከአዘጋጇ ሩሲያ ቀጥሎ መጀመሪያ ያለፈች አገር ሆነች።

እንግዲህ ባርሳ የገዛው ይሄን ሰውዬ ነው፣ ቶተንሃም ቤንች ላይ የነበረውን አይደለም። ጁን 2017 ላይ ሜልቦርን ውስጥ ብራዚልና አርጀንቲና ለወዳጅነት ሲጫወቱ ሜሲ ራሱ ጠጋ ብሎ ባርሴሎና እንሂድ ወይስ አንሄድም ብሎ እንደጠየቀው ፓውሊንዮ ተናግሯል፣ ካልከኝ እሄዳለሁ ብሎ መለሰለት። ጓንግዙ መሸጥ አልፈለገም፣ ግን ኮንትራቱ ላይ የውል ማፍረሻ 40 ሚሊዮን ዩሮ ተቀምጦ ነበር። ማፍረሻ ማለት ያን ብር የከፈለ ሰው ክለቡ ወደደም ጠላም ተጫዋቹን ይወስዳል ማለት ነው። ባርሳ በድርድር ለማስቀነስ ሞከረ፣ አልሆነም፣ ከፈለ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያውቀው አንድ ደስ የሚል ነገር አለ። ተጫዋች ከአንድ አገር ወደ ሌላ አገር ሲሸጥ ፊፋ ከገንዘቡ 5 ከመቶው ከ12 እስከ 23 አመቱ ድረስ ላሳደጉት ክለቦች እንዲከፋፈል ያዛል። ከ12 እስከ 15 ላለው እያንዳንዱ አመት ሩብ ከመቶ፣ ከ16 እስከ 23 ላለው እያንዳንዱ አመት ግማሽ ከመቶ። 40 ሚሊዮን ላይ አስሉት፣ ጠቅላላው 2 ሚሊዮን ዩሮ ነው፣ ከ16 አመቱ በኋላ ያለው አንድ ሙሉ አመት ደግሞ 200 ሺ ዩሮ። በህጉ ስሌት መሰረት ያ የሳኦ ፓውሎው የሱፐርማርኬት ክለብም፣ ብራጋንቲኖም፣ ኮሪንቲያንስም፣ ፖላንድ የነበረበት አንድ ሲዝን ሳይቀር ድርሻ አለው። አንድ ክለብ ፈርሶ ከሆነ ብሩ ለአገሩ ፌዴሬሽን ለታዳጊዎች ስራ እንዲውል ይሰጣል። ለትንሽ ክለብ 200 ሺ ዩሮ የአመት በጀት ሊሆን ይችላል፣ ስለዚህ አንድ ክለብ የልጆቹን መዝገብ በደንብ መያዙ ቀልድ አይደለም።

ባርሳ ላይ አሰልጣኙ ቫልቬርዴ የሰራው ነገር ቀላል ነው። ኔይማር ሄዷል፣ ስለዚህ ወደፊት የሚሮጥ ሰው ቀንሷል፣ ሜሲና ሱዋሬዝ ተከላካዮችን ይዘው ይወጣሉ፣ ቡስኬትስና ራኪቲች ከኋላ አሉ፣ ሳጥኑ ውስጥ የተፈጠረው ክፍተት ማን ይግባበት? ሴፕቴምበር 16 ጌታፌ ላይ 1 ለ 1 እያሉ 77ኛው ደቂቃ ላይ ተቀይሮ ገባ፣ 84ኛው ላይ ሜሲ ኳሱን በቀኝ በኩል ወደ ሩጫው ሰጠው፣ ተከላካዩን በትከሻው ገፋ አድርጎ አግድም መታና አገባ። ከዛ ቀን በኋላ የሚሰድበው ቀነሰ። ያን ሲዝን ባርሳ ሊጉን ሲበላ የተሸነፈው አንድ ጨዋታ ብቻ ነው። ሮማ ላይ በቻምፒየንስ ሊግ የሆነው ግን አለ፣ 3 ለ 0 ተመትተው ወጡ፣ እሱን መደበቅ አይቻልም።

ታዲያ እንዲህ ከሆነ ለምን ሄደ? ሁለት ህግ ነው የተጋጠመው። አንደኛው የስፔን ነው፣ ያኔ አንድ የላሊጋ ክለብ ማስመዝገብ ይችል የነበረው ከአውሮፓ ህብረት ውጪ የሆኑ ሶስት ተጫዋቾችን ብቻ ነበር። በ2018 ክረምት ባርሳ ጋ ፓውሊንዮ አለ፣ ኩቲንዮ አለ፣ የሪ ሚና አለ፣ ከግሬሚዮ አርተርን ደግሞ ሊያመጡ ነው። ቦታው ሞልቷል፣ አንድ ሰው መውጣት አለበት፣ ሊሸጡት የሚቀላቸው ደግሞ 30 አመት የሚሞላውና ዋጋ የሚያወጣው ነው። የፓውሊንዮ መሄድና የአርተር መምጣት በሰአታት ልዩነት ነው ይፋ የሆነው። ሁለተኛው የቻይና ነው። የቻይና ፌዴሬሽን በ2017 ኪሳራ ላይ ያለ ክለብ የውጭ ተጫዋች ከተወሰነ ዋጋ በላይ ሲገዛ የዝውውሩን ያህል ብር ለታዳጊዎች ፈንድ እንዲከፍል አዘዘ፣ 40 ሚሊዮን ከገዛህ ሌላ 40 ሚሊዮን ትከፍላለህ ማለት ነው። ዝውውሩ መጀመሪያ በውሰት፣ ከመግዛት አማራጭ ጋር የሆነውን ብዙዎች ከዚህ ህግ ጋር ነው ያያያዙት። ጠቅላላው 50 ሚሊዮን ዩሮ አካባቢ ይደርሳል ተብሎ ተዘገበ፣ ጃንዋሪ 2019 ላይ ቋሚ ሆነ። ባርሳ አተረፈ፣ አንድ ሲዝን ተጠቅሞበት።

የ2018 የአለም ዋንጫ ላይ ከሰርቢያ ጋር ያገባትን አትርሱ፣ ኩቲንዮ ከመሀል ሜዳ ከተከላካዮች በላይ አሳልፎ ሲሰጠው እሱ ሮጦ በበረኛው ላይ ከፍ አድርጎ ያስገባት። ሩብ ፍፃሜው ከቤልጂየም ጋር ካሴሚሮ በካርድ ታግዶ ነበር። ፓውሊንዮ ሜዳ ላይ ነበር፣ ግን እንደሌለ ነው የሆነው፣ ምክንያቱን አሁን እናንተም ታውቁታላችሁ። ከዛ በኋላ ለብሔራዊ ቡድኑ አልተጫወተም።

ጓንግዙ ሲመለስ በአሰልጣኝ ካናቫሮ ስር 2019 ሊጉን በሉ። ከዛ ሁሉም ነገር በአንዴ ተገለበጠ፣ ኮቪድ መጥቶ ድንበር ተዘጋ፣ በ2020 መጨረሻ ፌዴሬሽኑ የውጭ ተጫዋች ደሞዝ በአመት ከ3 ሚሊዮን ዩሮ እንዳይበልጥ ወሰነ፣ የድርጅት ስም ከክለብ ስም ይውጣ ተባለ፣ በ2021 የክለቡ ባለቤት የሆነው ሪል እስቴት ድርጅት ኤቨርግራንዴ ራሱ በእዳ ተዘፈቀ። ፓውሊንዮ ብራዚል ሆኖ መመለስ ሳይችል ቀረና ኮንትራቱ በስምምነት ፈረሰ። ስምንት ጊዜ ሊጉን የበላው ያ ክለብ ጃንዋሪ 2025 ላይ የእዳ ነገር ስላልተፈታለት ፈቃድ ተከለከለና ፈረሰ። ሳውዲ አልአህሊ ደግሞ ሁለት ወር ነው የቆየው፣ ጁላይ 2021 ገብቶ ሴፕቴምበር ላይ ወጣ።

2022 ላይ ኮሪንቲያንስ ቤቱ ተመለሰ። ሜይ 1 ቀን ከፎርታሌዛ ጋር ሲጫወቱ የግራ ጉልበቱ ጅማት ተበጠሰ፣ 33 አመቱ ነው፣ በዚህ እድሜ እንዲህ ያለ ሩጫ ለሚሮጥ ሰው ከባድ ጉዳት ነው። ብዙ ወር ቆይቶ ተመለሰ፣ ግን ያ ሳጥን ውስጥ የሚያደርሰው ፍጥነት አብሮት አልተመለሰም።

ጊዜ ያላችሁ የሞንቴቪዴዮውን ጨዋታ ዩቲዩብ ላይ ፈልጋችሁ እዩት፣ ጎሎቹን ብቻ ሳይሆን ሙሉውን። ኳሱን አትከተሉ፣ ካሴሚሮንና ፓውሊንዮን ብቻ ተከታተሉ፣ አንዱ ሲሄድ ሌላው የት እንደሚቆም፣ በተለይ ከእረፍት በኋላ ያሉትን የመጀመሪያ አስር ደቂቃዎች።